በችግር ወቅት ነጋዴ ከሕግ ምን ያገኛል? ከፖሊሲስ ምን ይደርስበታል?

(ባሕር ዳር ላይ ለነጋዴዎች፣ ለሆቴል ባለቤቶችና ለጀልባ ሥራ ማኅበራት አባላት የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሱቃችሁን ለሰው አደራ ብላችሁ፣ ጀልባችሁን አስራችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ሥራ ጥሎ መምጣት ዛሬ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ኢኮኖሚ ሲናጋ ብዙ ንግድ የሚሞተው ጊዜ አጥቶ ነው። ለጥቂት ወራት ያለ ትርፍ መቆየት የሚችል ሆቴል አለ። የባንክ ብድር፣ ደመወዝ፣ ኪራይና ግብር በአንድ ወር ሲደራረቡበት ግን ይዘጋል። ያው ሆቴል ስድስት ወር ፋታ ቢያገኝ ኖሮ ቆሞ ይሄድ ነበር። ይህን ፋታ የሚሰጠውም የሚነፍገውም ሕግ ነው። ባንክ ንብረታችሁን በስንት ቀን ሐራጅ እንደሚያወጣ ሕግ ይወስናል። የገንዘብ ችግር የገጠመው አሠሪ ሥራውን ለስንት ቀን ማቆም እንደሚችል ሕግ ይወስናል። የግብር ቅሬታ እስከ መቼ እንደሚቀርብም እንዲሁ። ገንዘቡ ከየት መጥቶ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ደግሞ ፖሊሲ ነው።

ዛሬ እነዚህ ቀኖች የት የት እንዳሉ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። በጥብቅና ሥራዬ በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ቢኖር፣ መፍትሔ የነበረው ሰው ቀኑ ካለፈበት በኋላ ፋይሉን ይዞ ሲመጣ ማየት ነው።

ከኮቪድ ልጀምር። በ2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ወጣ። ማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 466/2012 ነበር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። አሠሪ ሠራተኛ እንዳያባርር ተከለከለ። አከራይም ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከለከለ። ለሠራተኛውና ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር። ትክክለኛ እርምጃ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ግን ሸክሙ የት ሄደ? የባሕር ዳር ሆቴል ገቢው ከሁለት ምንጭ ነው። አንዱ ቱሪስት ነው። ወደ ዘጌ የሚሻገረው፣ ጢስ ዓባይን ሊያይ የሚሄደው። ሌላው የስብሰባ እንግዳ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቆሙ። አዳራሹ ባዶ፣ መኝታ ክፍሉ ባዶ፣ ደመወዙ ግን አለ። ሕጉ ሠራተኛውን ሲጠብቅ ወጪውን ያሸከመው ባለሆቴሉን ነው።

ሌሎች አገሮችም ሠራተኛ እንዳይባረር ፈልገው ነበር። ጀርመን ሥራ የቀነሰበት ድርጅት ሠራተኛውን እንዳያሰናብት የሚረዳ ከዚያ በፊት የቆየ ሥርዓት አላት። ሠራተኛው ካጣው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶውን መንግሥት ይሸፍናል። ልጅ ላለው 67 በመቶ ነው። አሜሪካ ደግሞ ለአነስተኛ ንግዶች ብድር ሰጠች። ሠራተኞቻቸውን ይዘው ከቆዩ ብድሩ እንዲሰረዝላቸው ተደረገ። እኛ እንደነሱ ገንዘብ የለንም፤ ይህ የታወቀ ነው። ግን ሐሳቡን መውሰድ ይቻላል። መንግሥት ግዴታ ሲጥል፣ ከግዴታው ጋር ትንሽም ብትሆን የምትጋራ ገንዘብ አብራ መምጣት አለባት።

ለነገሩ በኛም አገር የተሞከረ ነገር ነበር። ሥራ ቆሞባቸው ደመወዝ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶች የአራት ወር የሥራ ግብር ምሕረት ተደረገ። እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ የተከማቸ የግብር ዕዳ ተሰረዘ። ብሔራዊ ባንክም ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። ጥሩ ነው። አሁን ግን ማን እንደተጠቀመ እዩ። የደመወዝ መዝገብ ያለው ተጠቀመ። የቆየ የግብር ፋይል ያለው ተጠቀመ። ባንክ ቀድሞ የሚያውቀው ተበዳሪ ተጠቀመ። ሐይቁ ዳር ቆረሶ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጠው እህታችን፣ እንግዳ ወደ ጀልባ እያመጣ በኮሚሽን የሚያድረው ልጅ፣ ከዘጌ እንጨት በታንኳ የሚያመጣው ሰው ከዚህ ውስጥ የትኛው ደረሳቸው? ድጋፉ የሚያልፍበት ቧንቧ መዝገብ ነው። መዝገብ ላይ የሌለ ሰው ምንም ያህል ቢጎዳ ውኃው አይደርሰውም። ብዙ ሰው የንግድ ፈቃድንና የሒሳብ መዝገብን የግብር ወጥመድ አድርጎ ነው የሚያየው። ስጋቱ ይገባኛል። ግን በክፉ ቀን ስማችሁ የሚፈለገው እዚያው መዝገብ ላይ ነው።

ወደ 2015 ልለፍ። ይህን ክፍል ቀስ ብዬ ልናገረው፤ ምክንያቱም ሁላችንም ውስጡ ነበርን።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል ሁኔታ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 6/2015ን አወጀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነሐሴ 8 ቀን አጸደቀው። ለስድስት ወር ነበር። ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ለአራት ወር ተራዘመ። ሰዓት እላፊ ነበር። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ምግብ ቤቱ የእራት ገበያውን አጣ። ባጃጁ የማታ ሥራውን አጣ። አስጎብኚው የእንግዳውን መልእክት ማንበብ አልቻለም።

ልብ በሉ፣ በዚያው በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ ሌላ ውሳኔ አሳለፈ። የዋጋ ንረትን ለመግታት የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ አዘዘ። ውሳኔው አገራዊ ነው። ዋጋ በእጅጉ ንሮ ስለነበር ምክንያት ነበረው። የቀለብ ዋጋ ሲንር ቀድሞ የሚጎዳው ድሃው ስለሆነ፣ ንረትን መግታት እራሱ ነጋዴን መርዳት ነው።

ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እዚህ ገቢ የቆመበት ነጋዴ መሻገሪያ ብድር የሚፈልግበት ወር፣ ባንኮች የብድር ዕድገታቸውን እንዲገድቡ የታዘዙበት ወር ሆነ። አንዱ ውሳኔ የጸጥታ ነው፤ ሌላው የገንዘብ ፖሊሲ። ሁለቱን የወሰኑት የተለያዩ አካላት ናቸው። የተገናኙት የናንተ ሱቅ ላይ ነው። ባንክ የማበደር አቅሙ ሲጠብ መጀመሪያ የሚመርጠው ማንን ነው? ትልቁንና አስተማማኙን ደንበኛ። ግጭት ባለበት ክልል ያለ መካከለኛ ሆቴል ከሰልፉ መጨረሻ ነው የሚቆመው።

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። የ14 በመቶው የብድር ጣሪያ ለሁሉም አካባቢ እኩል መሆኑ ፍትሐዊ አላደረገውም። መንግሥት ራሱ በአዋጅ ሥራ ባቆመበት አካባቢ፣ ነባር ብድርን ማራዘምና የመሻገሪያ ብድር ከጣሪያው ውጭ መያዝ ነበረበት። ጣሪያው በኋላ ከፍ ብሏል። ግን ለአንዳንዱ ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ቀጥሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ሰኞ ቀን ነበር። የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከጥቅምት 2015 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተከልክሎባቸው የነበሩ 38 ዓይነት ዕቃዎችም ተፈቀዱ። ላኪው ተጠቀመ። ከውጭ እንግዳ የሚቀበለውም ቢሆን እንግዳው ከመጣ ይጠቀማል። የጀልባ ሞተር መለዋወጫ የሚያስመጣው ግን ዕቃው በእጥፍ ተወደደበት። እንዲህ ያለ ውሳኔ አስቀድሞ እንደማይነገር አውቃለሁ። ቢነገር ዶላሩ ሁሉ ይደበቃል። ስለዚህ ቅሬታዬ በድንገቱ ላይ አይደለም። ከድንገቱ በኋላ በየሰው እጅ የቀሩት ውሎች ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ ነው የሚያሳስበኝ።

አንድ ጉዳይ ላንሳ። አንድ ሰው ለሆቴል ግንባታ ብረትና ሴራሚክ በቁርጥ ዋጋ ለማቅረብ ተዋውሏል። ውሉ የተፈረመው ሰኔ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ዶላሩ ተለቀቀ። ቢያቀርብ ይከስራል። ባያቀርብ ይከሰሳል። «ከዐቅም በላይ ነው» ብሎ ይከራከራል። ሕጉ ምን ይለዋል?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው። በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር ይናገራል። አንቀጽ 1792 እንደሚለው፣ ከዐቅም በላይ የሚባለው ሰው ሊገምተው የማይችል፣ ግዴታውንም እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደው ነገር ነው። ፍጹም የሚለውን አስምሩበት። መክበዱ ብቻ አይበቃም። አንቀጽ 1793 ምሳሌ ይዘረዝራል። ውሉ እንዳይፈጸም የሚከለክል የመንግሥት ትእዛዝ፣ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጦርነት፣ የባለዕዳው ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም ይገኙበታል። አንቀጽ 1794 ደግሞ የማይቆጠሩትን ይነግረናል። የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር አይቆጠርም። ግዴታውን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትም አይቆጠርም። ተዋዋዮቹ በውላቸው ሌላ ነገር ካልተስማሙ በስተቀር።

ስለዚህ የብረት አቅራቢው ይሸነፋል። አንቀጽ 1764ም ይዘጋበታል። ሁኔታው ቢለወጥም፣ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ዳኛው ቢያዝንለት እንኳ ውሉን በርኅራኄ ማሻሻል አይችልም።

አሁን ሌላ ጉዳይ። አንዱ ለሠርግ አዳራሽ አከራየ። የሠርጉ ቀን ሳይደርስ መሰብሰብ በአዋጅ ተከለከለ። ይህ ሰው መከራከሪያ አለው። ትእዛዙ ውሉን ፈጽሞ የማይቻል አድርጎታልና።

ሁለቱም ሰዎች የተጎዱት በመንግሥት እርምጃ ነው። አንደኛው በክልከላ፣ ሌላኛው በምንዛሪ ፖሊሲ። ሕጉ በክልከላ የተጎዳውን ያድናል፤ በምንዛሪ የተጎዳውን አያድንም። ሕጉ ሲረቀቅ ብር በሳምንታት ውስጥ ግማሽ ዋጋውን ያጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔ ሕጉ እንዲሻሻል እፈልጋለሁ። ቢያንስ የምንዛሪ ዋጋ እንዲህ በድንገት ሲለወጥ ተዋዋዮች ለድርድር እንዲቀመጡ የሚያስገድድ አንቀጽ ያስፈልገናል።

እስከዚያው ግን መፍትሔው እዚያው አንቀጽ 1794 ውስጥ አለ። «ሌላ ነገር ካልተስማሙ በስተቀር» ይላል። ተስማሙ እንግዲህ! ውላችሁ ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ። የምንዛሪ ዋጋ ውሉ በተፈረመበት ቀን ከነበረው በዚህን ያህል በመቶ ከፍ ካለ ዋጋው በዚህ መንገድ ይሰላል በሉ። ካልተስማማን ይህን ያህል ቀን እንደራደራለን፤ ከዚያ ያለ ቅጣት እንለያያለን በሉ። በእጅ ጽሑፍ ቢሆንም ሁለታችሁም ከፈረማችሁበት ይሠራል። ቤት ስታሠሩ፣ ጀልባ ስታሠሩ፣ የዓመት አቅርቦት ስትዋዋሉ ይህን አትተዉ። ከዛሬ ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

ስለ ሠራተኛ ጥቂት ልበል። ገቢ ሲቆም ብዙ አሠሪ ሁለት ነገር ነው የሚያየው። ወይ ደመወዝ እየከፈለ መክሰር፣ ወይ ማሰናበት። ሦስተኛ መንገድ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 18 ይፈቅደዋል። ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት፣ ወይም በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር፣ ሥራ ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቆም ከሆነ የሥራ ውሉ ለጊዜው ይታገዳል። ሠራተኛው ሠራተኛነቱ አይቋረጥም። አሠሪውም ለዚያ ጊዜ ደመወዝ አይከፍልም። እግዱ እስከ 90 ቀን ሊደርስ ይችላል።

ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ምክንያቱ በተከሰተ በሦስት ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የሥራ ጉዳይ ቢሮ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ቢሮው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ይወስናል። መልስ ካልሰጠ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ሦስት ቀን! ግርግር በበዛበት ሳምንት ማን ደብዳቤ ይጽፋል? ስለዚህ ነው አሁን፣ ሰላም ሳለ፣ የደብዳቤውን ረቂቅ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ የምለው። ሠራተኞቻችሁንም ሰብስባችሁ በግልጽ ንገሯቸው። በዚህ ሕግ ሽፋን ሠራተኛ ለማጎሳቆል የሚያስብ ካለ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም። 90 ቀን ያለ ደመወዝ ቤተሰብ ማስተዳደር ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የምትችሉትን ቀለብም ቢሆን አካፍሏቸው።

ባንክ። ለባንክ በመያዣ ስለተሰጠ ንብረት የወጣ አዋጅ ቁጥር 97/1990 አለ። ይህ አዋጅ ለባንክ ትልቅ ሥልጣን ይሰጣል። ብድሩ ካልተከፈለ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የተያዘውን ንብረት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ለሰላም ጊዜ የተሠራ ሕግ ነው። ባንክ ገንዘቡን ቶሎ ካስመለሰ ለሌላው ያበድራል የሚል ሐሳብ አለው። በቀውስ ጊዜ ግን ሁሉም በአንድ ላይ ሐራጅ ሲያወጣ ገዢ ይጠፋል። ቤቱ በርካሽ ይሄዳል። ባለዕዳው ቤቱን አጥቶ ዕዳም ይተርፍበታል። ባንኩም ሙሉ ገንዘቡን አያገኝም።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ሌላ በር ከፍቷል። ነጋዴው ከመክሰሩ በፊት፣ ገና መክፈል ሳያቆም፣ ዕዳውን ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር በፍርድ ቤት ጥላ ሥር መልሶ ማዋቀር ይችላል።  ችግሩ እኛ ዘንድ መክሰር ነውር ነው። ሰው ሒሳቡ እየተናጋ ሱቁን በአዲስ ቀለም ያስቀባል። ከእቁብ ይበደራል፤ ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። ፍርድ ቤት የሚታየው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ መልሶ የሚዋቀር ነገር አይኖርም።

ባንክም ቢሆን ቀድሞ የመጣውን በሌላ ዓይን ያየዋል። አንድም ክፍያ ሳያሳልፍ «የሚቀጥሉት ወራት እንዲህ ሊሆኑብኝ ነው፤ ብድሩን አራዝሙልኝ» የሚል ሰው ብድሩ ገና ጤነኛ ነው። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ያው ሰው በባንኩ ሒሳብ የተበላሸ ብድር ሆኖ ይመዘገባል። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ልቡ ቢራራም እጁ ይታሰራል።

ከታዳሚው ሁለት ጥያቄ ተነሥቷል፤ በነሱ ልጨርስ።

አንድ ወንድማችን «የተናገርከው ሁሉ እኛ ምን እናድርግ ነው፤ መንግሥትስ?» ብለዋል። ልክ ናቸው። ሦስት ነገር ቢደረግ እላለሁ። አንደኛ፣ ክልከላ ሲጣል የሚያበቃበት ቀን አብሮ ይነገር። ቢራዘም እንኳ ይሻላል። ቀኑን የሚያውቅ ነጋዴ ዕቃውን፣ ሠራተኛውንና ብድሩን ያቅዳል። ሁለተኛ፣ ሥራ በአዋጅ በቆመበት አካባቢ የሐራጅ ማስጠንቀቂያውና የግብር መክፈያው ቀን አብሮ ይቁም። መንግሥት በአንድ እጁ በር ዘግቶ በሌላው የዕለት ገቢ ሊጠይቅ አይገባም። ሦስተኛ፣ በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል ገቢ ግብር ያመጣው ዝቅተኛ ግብር ይታይ። የድርጅቱ ግብር ከዓመት ሽያጩ 2.5 በመቶ ካነሰ፣ ያንን 2.5 በመቶ እንዲከፍል ይላል። ትርፍ ደብቆ በየዓመቱ ኪሳራ የሚያሳውቀውን ለመያዝ የታሰበ ነው፤ ሐሳቡን እደግፋለሁ። ግን በእውነት የከሰረውንም አብሮ ይይዛል። በግጭት ወይም በአደጋ ምክንያት ሥራው እንደቆመ በማስረጃ ለሚያሳይ ነጋዴ ይህን ግዴታ የሚያነሣ አንቀጽ ይኑረው።

ሁለተኛዋ ጠያቂ እህታችን ናቸው። «ሱቄ ብዙ ወር ተዘግቶ ነበር፤ ግብሩ ግን ሙሉ ዓመት እንደሠራሁ ሆኖ ተሰላ፤ ምን ላድርግ?» ብለዋል። መጀመሪያ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያው የደረሰሽን ቀን ጻፊ። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው። የክልሉን ግብር የምትከፍዪ ከሆነ የክልሉ ሕግ የሚሰጠውን ቀን ዛሬውኑ ከግብር ቢሮው ጠይቂ። ቅሬታው በቃል አይሠራም፤ በጽሑፍ ይሁን። ሱቁ መዘጋቱን የሚያሳይ ነገር ሁሉ አያይዢ። የመብራት ቢል፣ የካሽ ሬጅስተሩ ሪፖርት፣ የኪራይ ደረሰኝ፣ ከቀበሌ የሚሰጥ ማስረጃ። የማትከራከሪበትን የግብሩን ክፍል ግን ክፈዪ፤ ወለድ አይቁጠርብሽ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አድርጊው። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፤ ሌላው ላይ የገባበትን ቀንና ማኅተም አስደርገሽ ቤትሽ አስቀምጪ።